ከገመዱ ወዲህ፣ ከገመዱ ወዲያ

ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከምታያቸው ወንዶች ሁሉ ግራ የገባው እኔ ነበርኩ። ይህን የምለው ለማጋነን አይደለም። የእህቴ ባል ኮት ትከሻዬ ላይ ጠቦኛል። በእጄ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ያላየኋት ሴት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እያየችኝ ነው። ሊያከብሩኝ ነው የጠሩኝ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ ተሰናብቼ መጥቼ፣ ፊቷን ሳይ ግን የመጣሁበት ነገር ምን እንደሆነ ድንገት ጠፋብኝ።

ነገሩን ከመካከሉ ይዤ ከሮጥኩ አንባቢዬ መነሻው ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ላሳጥረው፤ ማሳጠር የሚባል ነገር ባይሆንልኝም።

በጉብዝናዬ ዘመን አሯሯጭ ነበርኩ። አሯሯጭ ማለት ዋናውን ሯጭ ከፊት ሆኖ ነፋስ እየከለለ፣ ሰዓት እየጠበቀ የሚመራ፣ የተስማሙበት ቦታ ሲደርስ ግን ወጥቶ መንገድ ዳር የሚቀመጥ ሰው ነው። ሙሽራውን አጅቦ ደጅ ካደረሰ በኋላ «አንተ እዚህ ጋ ይበቃሃል» እንደተባለ ሚዜ ቁጠሩት። እኔ ግን ተራ አሯሯጭ አልነበርኩም። በእኔ እርምጃ የግድግዳ ሰዓት ይስተካከል ነበር። ከኋላዬ የሮጠ ሰው በዓለም ላይ ነፋስ የሚባል ነገር መኖሩን ይረሳ ነበር።

እሷን ሰዎች ዝምታ ይሏታል። ስትሮጥ እንኳ ትንፋሿ አይሰማም። ለዚያ ታላቅ ማራቶን ሰባት ወር አብረን ስንዘጋጅ ከኋላዬ መኖሯን የማውቀው በጫማዋ ኮቴ ብቻ ነበር፤ ጠብ ጠብ፣ ጠብ ጠብ፣ እንደ ጣራ ፍሳሽ። በሰባት ወር ውስጥ የነገረችኝ ቃል ቢለቀም አንድ ፖስታ ካርድ አይሞላም። እኔ ደግሞ የሁለታችንንም ድርሻ ስናገር ነበር። ውሃ ሳቀብላት ጣቶቿ ጣቶቼ ላይ የሚቆዩት ጠርሙሱን ለመያዝ ከሚበቃው ጊዜ ትንሽ አለፍ ብለው ነበር። ያችን «ትንሽ» ሃያ ሁለት ዓመት ኖርኩባት።

ታላቅ ወንድሟ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው። በከተማው ያለ ሲሚንቶና ሚስማር ሁሉ በእሱ በር ሳያልፍ ቤት ሆኖ አያውቅም። አባትም አሠልጣኝም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። አንድ ቀን ያቺን ትንሽ ቆይታ አየና ወደ ጎን ጠራኝ። አልጮኸብኝም፤ ሀብታም አይጮህም። «የአሯሯጭ መንገድ እስከ ሠላሳኛው ኪሎሜትር ነው» አለኝ ረጋ ብሎ፤ «ከዚያ ወዲያ የሚቀበላት ቤተሰቧ ነው።»

በውድድሩ ቀን እንደተባለው ሠላሳኛው ላይ ወጣሁ። እሷ ቀጠለች። ለአሥራ ሰባት ዓመት ማንም ሴት ያልደረሰችበትን ሰዓት አስመዘገበች። ማግሥቱን ቤታቸው ደጃፍ ስሄድ ከመኪናው ብዛት የተነሣ በሩ አይታይም፤ ዘበኛው ስሜን ወረቀት ላይ ፈልጎ አጣው። ደብዳቤ ጻፍኩላት። መልስ አልመጣም። እሷ ባሕር ማዶ ሄደች፣ ሮጠች፣ አገባች፣ ፈታች። ዘንድሮ ጓዟን ጠቅልላ ተመለሰች ተባለ።

እኔ አሁን የስታዲየሙ መስመር ቀቢ ነኝ። በስምንቱም የመሮጫ መም ላይ ያለው ነጭ መስመር የእኔ እጅ ሥራ ነው። መስመሬን ያየ መሐንዲስ ማስመሪያውን ይጥላል። ከስታዲየሙ ፊት ለፊት ባለው ሻይ ቤት ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ታሪክ ሳወራ ኖሬያለሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ሠላሳኛው ላይ ወጣሁ፣ ልቤ ግን አልወጣ አለኝ፣ በውሃ ማመላለሻ መኪና ተሳፍሬ በአቋራጭ ቀደምኳት፣ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ በገመዱ ሥር ሾልኬ ገባሁና እስከ መጨረሻው በር ድረስ ጎትቼ አደረስኳት። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ አሳምሬዋለሁ። የውሃ መኪናው ሞተር ብስክሌት ሆነ። ሞተር ብስክሌቱ አምቡላንስ ሆነ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚባለው ለሰሚው ነው፤ እኔ ግን ሰሚዬን እንዳላደክም ራሴ ጨምሬ አቀርብለት ነበር።

እንግዲህ የስታዲየሙ ትሪቡን ሥር የአካባቢያችን ስፖርተኞች የክብር አዳራሽ አለ። ቦክሰኛው የቀደደው ጓንት፣ በረኛው አንድም ጎል ሳይገባበት የጨረሰበት ቆብ፣ ብስክሌተኛዋ የወደቀችበት ጎማ፣ ሁሉም በመስታወት ሣጥን ተቀምጠዋል። አንድ ስፖርተኛ ሲመረጥ ስሙና ሥራው በነሐስ ሰሌዳ ላይ ይቀረጽና ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ግን ወዲያው አይገለጥም። አሥራ አምስት ቀን በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቆያል። ከሥሩ መዝገብ ይቀመጣል። ስለዚያ ሰው የሚያውቀው ነገር ያለው ሁሉ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ገብቶ ይጽፋል። ኮሚቴው ያነበዋል። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ጨርቁ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ተቃውሞ የለም።

የእሷ ሰሌዳ ከተሰቀለ በአራተኛው ቀን ቀለም የነካ ሱሪዬን እንደለበስኩ ገባሁ። መዝገቡን ገለጥኩ። ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት መስመር ጽፏል። «እንኳን ደስ አለሽ።» «ትጉህ ነበረች።» እንዲህ ያለ ንፉግነት አይቼ አላውቅም። ለእንዲህ ያለች ሴት ሁለት መስመር? ብዕሩን አንስቼ አራት ገጽ ሞላሁ። የውሃ መኪናውንም፣ ሞተሩንም፣ ገመዱንም፣ ሁሉንም ጻፍኩት። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልኩ፦ «ሰው ሁሉ ብቻዋን ሮጠች ይላል። እኔ ግን ከሠላሳ ስምንተኛው ኪሎሜትር ጀምሮ ከፊቷ ነበርኩ። ልቤ ዛሬም እዚያው መንገድ ላይ ነው።» ፈረምኩበትና ወጣሁ። ያነበበ ሰው የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣልኝ፤ በመዝገቡ ላይ ስላሰፈርኩት ቃል ኮሚቴው ፊት እንድቀርብ። እኔ ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ፤ ከእሷ ሰሌዳ ጎን ለእኔም አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ሊያስቀርጹ ነው። ሻይ ቤት ሄጄ አበሰርኩ። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቴ የባሏን ኮት ስትተኩስልኝ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችና ካውያውን አቆመች። «አንተ ልጅ፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አለችኝ። ቅናት ነው ብዬ ኮቱን ከእጇ ወሰድኩ።

እንግዲህ ወደ ሐሙስ ጠዋት ተመለስን።

መተላለፊያው ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ እሷና ወንድሟ ተቀምጠዋል። እሱ ሸብቷል፤ ግን ሽበቱም የሀብታም ሽበት ነው፣ ተበጥሮ የተኛ። እሷ ግራጫ ካፖርት ለብሳለች። ፊቷ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏል፤ ዓይኗ ጋ ሲደርስ ግን ዞሮ የሄደ ይመስላል። አየችኝ። ፈገግ አላለችም፤ ፊቷንም አላዞረችም። ቀስ ብላ ከፊቴ ወደ እግሬ ወረደች፣ ጫማዬን አየች፣ ተመልሳ ወደ ፊቴ ወጣች። ምን ፈልጋ እንደሆነ አላወቅኩም።

ለወንድሟ ዝቅ ብዬ እጅ ነሣሁ። እሱ አልተነሣም።

«አንተ ሰውዬ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ምን አድርገንህ ነው?»

ምስጋና መሰለኝ። ምን ውለን ነው ይህን ያህል ደግነት የዋልክልን ማለቱ መሰለኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ «ምንም አይደል ጋሼ። የሚገባትን ነው ያደረግኩት» አልኩት።

የሰውዬው ከንፈር አመድ መሰለ። እሷ ግን ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ በማታውቀው ቋንቋ የሚያወራ ሰው እንደምትሰማ ሁሉ አተኩራ አየችኝ። ያ አስተያየት ጥላቻ ይሁን ናፍቆት ልለየው ብዬ ብሞክር፣ አንዱን ስይዝ ሌላው እያመለጠኝ፣ የኮሚቴው ጸሐፊ በሩን ከፍታ ስትጠራኝ እንኳ እግሬ ወዴት እንደሚራመድ አላወቀም።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የቀድሞ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው። ሲናገሩ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ደረት ኪሳቸው ይሄዳል፤ ከፊታቸው የተቀመጠ ሰው ሁሉ ካርድ ሊመዘዝበት ይመስለዋል። ወንድምና እህትን ከግድግዳው ጥግ አስቀመጧቸው። መዝገቡን ገልጠው የመጨረሻውን ገጽ አነበቡልኝ። በሳቸው ደረቅ ድምፅ እንኳ ያምር ነበር። የእርስዎ ጽሑፍ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከእኔ በቀር እንዲህ የሚጽፍ የለም አልኳቸው።

ከዚያ ሌላ ወረቀት አነሡ። ከውድድር የወጣ አሯሯጭ ተመልሶ ገብቶ ከመራ፣ የተመራው ሯጭ ውጤት ይሰረዛል የሚል ደንብ ነው። ይህን ደንብ እኔ በጉብዝናዬ በቃሌ አውቀው ነበር። አንድ አሯሯጭ የገዛ እጁን ጣቶች ባያውቅ እንኳ ይህን ያውቃል። ታሪኬን ሃያ ሁለት ዓመት ሳወራ ግን ደንቡ አንድም ቀን ከታሪኩ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክፍል ይኖሩ ነበር። አሁን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተያዩ።

«ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው» አሉ ሰብሳቢው። «ገብተዋል ወይስ አልገቡም? ገብተው ከሆነ ሰሌዳው ቅዳሜ አይገለጥም። ይወርዳል።»

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ይባላል። የእኔ አፍ ግን የከዳኝ ሲዘጋ ነው። ወንድሟን አየሁት፤ ጉልበቱን ይዟል። እሷን ለማየት አቃተኝ።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ። የሚያሳፍረኝ እውነቱን መደበቄ አልነበረም። እውነቱን አለማወቄ ነበር። ሠላሳኛው ላይ መውጣቴን አውቃለሁ። የውሃ መኪናውም እውነት ነው፤ የሾፌሩን ሳል እንኳ አስታውሳለሁ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ መውረዴም እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን? ቅንድቧ ላይ የቆመ የላብ ጠብታ አይቻለሁ። ጠብታ የሚታየው ከቅርብ ነው፤ ቅርብ ከነበርኩ ደግሞ ገብቼ ነበር ማለት ነው። ወይስ ጠብታውን ያየሁት በልምምድ ጊዜ ነው? ወይስ በአሥረኛው ዓመት ሻይ ቤት ውስጥ የጨመርኩት ነው? በየዓመቱ አዲስ ቀለም እየደረብኩ የቀባሁት መስመር ነው እኮ። ከሥር ያለው የመጀመሪያው መስመር የት ላይ እንደነበር ማን ይንገረኝ?

ትንሽ ንፋስ ልውሰድ አልኳቸው። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው አምስት ደቂቃ ፈቀዱልኝ። ስወጣ ግድግዳውም ወለሉም ቦታ የተለዋወጡ መስሎኝ በእጄ እየዳበስኩ ነው የሄድኩት።

መስታወት ሣጥኖቹ መካከል ቆሜ የበረኛውን ቆብ እያየሁ ሳለ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም። ያንን ኮቴ ሞቼ ብቀበር አውቀዋለሁ።

«ነበርክ?» አለችኝ።

ስዞር ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። ወንድሟ የት እንዳለ ጠየቅኳት፤ ግቢው ውስጥ ጠበቃ እያነጋገረ ነው አለችኝ። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ። ስለ መዝገቡ፣ ስለ ደንቡ፣ ስለ እህቴ ምክር፣ እየተንተባተብኩ ብዙ አልኩ። እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«እሱን ተወው። የምጠይቅህ ሌላ ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ጉልበቴ አልቆ ነበር። ልቀመጥ ነበር። ያኔ ከፊቴ ጀርባህን አየሁት። እስከ በሩ ድረስ አየሁት። ስጨርስ ዞር ዞር ብዬ ብፈልግ የለህም። ወንድሜን ጠየቅኩት፤ ሠላሳኛው ላይ ወጥቶ በውሃ መኪና ሄደ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ዐበድኩ እንዳይሉኝ።»

በአንድ ትንፋሽ ይህን ያህል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ሰባት ወር ያጠራቀመችውን ባንድ ቀን ያወጣች መሰለኝ።

«ታዲያ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር እኮ» አልኳት። «ሁሉንም ነግሬሽ ነበር። ለምን ዝም አልሽኝ?»

«ደርሶኛል» አለች። «አሥር ጊዜ አነበብኩት። ባሕሩን በአንድ እጄ እዋኛለሁ ትላለህ። ተራራውን ንጄ እመጣለሁ ትላለህ። ሠላሳ ስምንተኛው ላይ እንደ አንበሳ ዘልዬ ገባሁ ትላለህ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንድ የማምነው መስመር ፈለግኩ። አንድ። ባገኝ ኖሮ በእግሬ ነበር የምመጣው።»

 ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላችን የቆመው የወንድሟ በር፣ የዘበኛው ወረቀት፣ የሲሚንቶው ክምር ነው ብዬ ስረግም ኖሬ ነበር። በሩን የገነባሁት እኔ ነኝ። ያውም ያለ ሲሚንቶ፣ በአፌ ብቻ።

ታዲያ ምን ልበላቸው ብዬ ጠየቅኳት። ገብቻለሁ ካልኩ ሰሌዳሽ ይወርዳል፤ ስምሽ ይጠፋል። ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ሰሌዳው ነሐስ ነው፤ ቢወርድ ያቀልጡታል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያንን መንገድ ብቻዬን መሮጥ አለመሮጤን ነው። ግባና የሆነውን ተናገር።»

የሆነውን። እሷ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ የሆነውን ተናገር ስትለኝ፣ የሆነውን እንደማላውቅ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ይህችን ሴት ለሁለተኛ ጊዜ የማታምነው ነገር ልነግራት ድፍረት አጣሁ። ዘግቼው ቀረሁ። እሷም ዝምታዬን እንደ እሺታ ይሁን እንደ እምቢታ እንደወሰደችው ሳልረዳ፣ ጠብ ጠብ እያለች ቀድማኝ ሄደች። ሰባት ወር ከኋላዬ የሰማሁት ኮቴ ከፊቴ ሲርቅ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ተመልሼ ስቀመጥ ውሳኔዬን አውቀው ነበር ብል ዋሸሁ። ወንበሩ ላይ እስክቀመጥ ድረስ ገብቻለሁ ልል ነበር። ከፊቷ ነበርኩ፣ ብቻሽን አልሮጥሽም፣ ልላት። ደግሞም ታሪኬ ነው፤ ከእሱ ሌላ ምን አለኝ? ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለኝ ወንበር፣ ስገባ «ና ጎታቹ» የሚለኝ ሰው ሁሉ፣ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ግን በተከፈተው በር በኩል፣ የአዳራሹ ግድግዳ ላይ፣ በአረንጓዴው ጨርቅ ሥር የሰሌዳው ቅርጽ ወጥቶ ታየኝ። እሷ አርባ ሁለት ኪሎሜትር በገዛ እግሯ ሮጣ ያመጣችው ነገር፣ በእኔ ምላስ ሊወርድ።

«አልገባሁም» አልኩ።

ሰብሳቢው ቀና አሉ። ጸሐፊዋ ብዕሯን አዘጋጀች።

«መዝገቡ ላይ የጻፍኩት ውሸት ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ያወራሁትም ውሸት ነው። ሠላሳኛው ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ላይ እግሬ አልረገጠም።»

ወንድሟ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ሲለቀው ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት የተነሣ መሰለኝ። ሰብሳቢው፣ ታዲያ ለምን ጻፉት አሉኝ። ደስ እንዲላት ብዬ ነው አልኳቸው። ከዚህ የባሰ የሞኝ መልስ በዚያ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ እንደማያውቅ ፊታቸው ነገረኝ።

ያን ጊዜ እሷ ተነሣች።

«ነበረ» አለች። «ጀርባውን አይቻለሁ። እስከ በሩ ድረስ ከፊቴ ነበረ። ጻፉት።»

ወንድሟ የካፖርቷን እጅጌ ያዘ፤ አላስቀመጣትም። እንግዲህ ተመልከቱ። ተሟጋች የተባለ ሁሉ ለራሱ ይሟገታል። እኛ ግን ጉረኛው የለሁበትም ይላል፣ ዝምተኛዋ አለበት ትላለች። እሱ ስሙን ይጥላል፣ እሷ ሰሌዳዋን። ሰብሳቢው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሜዳ ላይ ሲያፏጩ፣ ጎል ያገባ ቡድን አላገባሁም፣ የገባበት ደግሞ ገብቶብኛል ሲል የሰሙ አይመስለኝም። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፣ ባዶ ሆኖ ተመለሰ።

ከዚያ ዝግ ብለው፣ በማዘን በሚመስል ድምፅ፣ የአዳራሹን ሥርዓት ነገሯት። በዚህ ቤት ባለ ሰሌዳ ስለ ራሱ ቃል አይሰጥም። ራሱን ሊያመሰግንም ሊነቅፍም አይችልም። ሌላው ስለ እሱ ይናገራል፤ እሱ ጨርቁ እስኪነሣ ዝም ይላል። ጀግና ስለ ራሱ እንዳያወራ ብለው ፊተኞቹ ያወጡት ደንብ ነው። «ስለዚህ እህቴ፣ ያሉትን አልሰማሁም» አሏት። «የተጻፈው የእሳቸው ቃል ነው። ተቃውሞው ተዘግቷል። ቅዳሜ ጨርቁ ይነሣል።»

እሷ ቆማ ቀረች። ማሸነፏን የነገሯት ሴት ፊት አልነበረም። የሆነ ነገር ከእጇ የወሰዱባት ሰው ፊት ነበር፤ የወሰድኩባትም እኔ።

ጸሐፊዋ ቃሌን ጽፋ እንድፈርም አቀረበችልኝ። ሦስት መስመር ናት። ብዕሩን ጨበጥኩት፤ ከላቡ የተነሣ እንዳያመልጠኝ በኃይል ጨበጥኩት። ያን ጊዜ መዳፌ አንድ ነገር አስታወሰ። ጭንቅላቴ አይደለም ያስታወሰው፣ መዳፌ። አሁንም ሳስበው ያስገርመኛል። ፈረምኩና ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

በትሪቡኑ ሥር አልፌ መሙ ላይ ደርሻለሁ። ጠዋት የቀባሁት መስመር ገና እየደረቀ ነው። ለመቀመጥም ለመሄድም አልሆነልኝም። ከኋላዬ ኮቴ መጣ፤ በእርጋታ ሳይሆን በችኮላ።

«የቱን ነው የዋሸኸው?» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። «ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?»

«ሁለቱንም መሰለኝ» አልኳት። «ቆይ። ቆይ እስቲ፣ እንዳይጠፋብኝ።»

መዳፌን ዘረጋሁላት። ምንም የሚታይ ነገር የለበትም፤ ግን ዘረጋሁላት። እንዲህ ነበር አልኳት። ከውሃ መኪናው ስወርድ ሰው እንደ ግድግዳ ቆሟል። እየገፋሁ ፊት ደረስኩ። ገመድ ነበር፤ የላስቲክ ገመድ፣ እርጥብ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ከኋላ ሰው ሲገፋኝ ገመዱ መዳፌን ይቆርጠኝ ነበር። አንቺ ስትመጪ ልገባ ነበር፤ ማልኩልሽ ልገባ ነበር። ግን የእርምጃሽን ሰዓት አውቀዋለሁ፤ በዚያ ሰዓት ክብረ ወሰን እንደምትሰብሪ አውቃለሁ። ብገባ እንደሚሰረዝብሽም አውቅ ነበር። ያን ቀን አውቅ ነበር፤ በኋላ ነው በወሬ የረሳሁት። ስለዚህ ገመዱን ሳልለቅ ሮጥኩ። ከገመዱ ወዲህ፣ በእግረኛው መንገድ፣ ሰው እየረገጥኩ፣ እየተረገምኩ። አንቺ ከገመዱ ወዲያ። ቅንድብሽ ላይ የቆመውን ላብ ያየሁት ያኔ ነው።

ለመዋሸት ብዬ ኮሚቴው ፊት የተናገርኩት ቃል እውነት ሆኖ መገኘቱ፣ የሰማሁትም ያልሰማሁትም ግራ ነገር ሁሉ ተደምሮ አያህለውም።

«ጮህክ?»

«ጮህኩ። ግን ሰው ሁሉ ይጮህ ነበር።»

«ጀርባህስ?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት። ለመጨመር አፌ ዝግጁ ነበር። ነፍሴ ነው ከፊትሽ የሮጠው፣ ጥላዬ ነው ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያምርም ነበር።

«አላውቅም» አልኳት። «የኔ አልነበረም። እኔ ከጎንሽ ነበርኩ። ከፊትሽ ማንም አልነበረም፤ አንቺ ነሽ ራስሽን ያደረስሽው።»

ዓይኗን ወደ ተዘረጋው መዳፌ አወረደች። 

«ምን ያህል ሮጥክ?» አለችኝ በመጨረሻ። «ከጎኔ።»

«አርባ እርምጃ» አልኳት።

አየችኝ።

«ሃያም ሊሆን ይችላል።»

አንድ ድምፅ ከደረቷ ወጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አሁንም አልወሰንኩም፤ በሰባት ወር ልምምድ ሁለቱንም ሰምቼባት አላውቅምና ማነጻጸሪያ የለኝም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ቀርባ ከጎኔ ቆመች፤ ከኋላዬም ከፊቴም ሳይሆን ከጎኔ፣ የካፖርቷ እጅጌ የእህቴን ባል ኮት እስኪነካ ድረስ።

«ሃያ ይበቃኛል» አለች።

 መልስ ፈለግኩ። ባሕሩንም ተራራውንም አሰብኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የምጨምርበት አጣሁ።